ሞተር በመነሳት ላይ ሲከዳ፦ ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች በስህተት የምናምናቸው

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2015 ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ከካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ ብቻውን ተነሳ። ይዟት የወጣው ራያን የምትባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራች ባለ አንድ ሞተር የበረራ ማሰልጠኛ ነበረች። ገና ከመነሳቱ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ወደ መንደርደሪያው ሊመለስ ዞረ፤ እንደማይደርስ ሲያውቅ ግን አቅራቢያው ወዳለ የጎልፍ ሜዳ አቀና። ረጅም ዛፍ ገጭቶ ሜዳው ላይ ወደቀ። ክፉኛ ቢጎዳም ተረፈ። እንዲህ ያለ አደጋ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚላቸው ነገሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ሞተር ከቆመ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ይወድቃል»

አይወድቅም። አውሮፕላንን አየር ላይ የሚሸከመው ክንፉ ነው። ሴስና 172 የሚባለው ትንሽ አውሮፕላን ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ከ300 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል እየተንሳፈፈ ይሄዳል። በመነሳት ላይ ነገሩን የሚያከፋው ከፍታውም ጊዜውም ትንሽ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሏል፤ አብራሪው ቶሎ ወደ ታች ካልደፋው ፍጥነቱ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

«ታዲያ ዞሮ መመለስ ነዋ፣ መንደርደሪያው እኮ እዚያው ነው»

ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ሐሳብ ነው። ለመመለስ ግማሽ ዙር አይበቃም፤ አውሮፕላኑ ሲዞር ከመንደርደሪያው መስመር ወደ ጎን ስለሚወጣ፣ ጨምሮ ዞሮ መልሶ መስተካከል አለበት። በ45 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር ደግሞ ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት በ19 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። አብራሪው መሬቱ ሲቀርበው አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል፣ ያን ጊዜ አንዱ ክንፍ ይከዳል፤ ከዚያ ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታ የለም። ስለዚህ ነው ተማሪዎች አፍንጫውን ደፍታችሁ ከፊት ለፊታችሁ፣ ቢበዛ ትንሽ ግራና ቀኝ ብላችሁ አሳርፉ የሚባሉት። እኔ ከፎርድ ውሳኔዎች ትልቁ የምለው የመመለሱን ሐሳብ በጊዜ መተዉን ነው።

«ሞተሩ ጨርሶ ካልጠፋ ይሻላል»

እኔንም ያስደነገጠኝ ይህኛው ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ ከ2000 እስከ 2010 ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ከተነሱ በኋላ የገጠማቸውን አጥንቶ ነበር። ሞተሩ ጨርሶ የጠፋባቸው 75 ነበሩ፤ ከነሱ ሰው የሞተበት አልነበረም። ጉልበቱ በከፊል የቀነሰባቸው 242 ሲሆኑ 9ኙ ሕይወት አጥፍተዋል። ሞተር ጭጭ ሲል ውሳኔው ግልጽ ነው። እያንኮራፋ ሲቀጥል ግን አብራሪው «ያደርሰኝ ይሆናል» ይላል፤ በዚህ ተስፋ ይዞራል፣ ፍጥነቱንም ይጨርሳል።

«ነዳጅ አልቆበት ነው»

አንዳንዴ አዎ። ግን ታንኩ ሞልቶም ሞተር ይከዳል፦ ነዳጁ ውስጥ ውኃ ገብቶ ወይም ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው የሞተሩ ክፍል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ፣ በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ በረዶው እርጥበት ባለበት ቀን ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ይሠራል። አብራሪ ከበረራ በፊት ከታንኩ ሥር በጠራ ኩባያ ነዳጅ ቀድቶ ወደ ብርሃን የሚያነሳው ለዚህ ነው። ሰማያዊው ቤንዚን ከላይ፣ ውኃው ከሥር ጠብታ ሆኖ ይታያል።

«አሮጌ አውሮፕላን ስለሆነች ነው»

የፎርድን አውሮፕላን የጣላት ዕድሜዋ ብቻውን አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ካርቡሬተሩን ሲፈቱ፣ ነዳጅ መጥና የምታሳልፈው ትንሽ ክፍል ከጥርሷ ተፈትታ ወደ ጎን ዞራ አገኟት። ነዳጁ ከአየሩ በዛና ሞተሩ ታፈነ። ካርቡሬተሩ ታድሶ የተገጠመው ከአደጋው 17 ዓመት ገደማ በፊት ነበር፤ የጥገና መመሪያው ደግሞ ያቺን ክፍል በየጊዜው ስለ መፈተሽ የሚለው አልነበረም።

«ቀበቶ እስከታሰረ ድረስ ይበቃል»

የፎርድ የትከሻ ቀበቶ ታስሮ ነበር። ችግሩ የተገጠመበት ቦታ ነው፦ ማጠናከሪያ በሌለው የመቀመጫው ጀርባ የታችኛው ክፍል ላይ ነበር። ሲወድቅ ያ ክፍል አልቻለም፣ ቀበቶውም ሳይዘው ቀረ። መርማሪዎቹ ለጉዳቱ መክፋት አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ጽፈውታል።