ያገለገሉ የእጅ መሣሪያዎች በወሎ፦ አለያየታቸውና የዋጋ አተማመናቸው

ያገለገለ የእጅ መሣሪያ በወሎ ገበያዎች የራሱ ተራ የለውም። በባቲ ሰኞ ገበያ፣ በላሊበላ ቅዳሜ ገበያ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የቆራሌ መጋዘኖች ደጃፍ ከሌላው ዕቃ ጋር ተደባልቆ ይገኛል፤ መዶሻው፣ መሮው፣ መላጊያው፣ ሞረዱ፣ ሞርሳው፣ ሴጌቶው፣ ምሳሩ፣ ዶማው። ዝቅተኛው ዋጋ በኪሎ የሚታሰበው የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስከፍለው የተረፈው ስለትና የብረቱ ጥራት እንጂ ዕድሜው አይደለም፤ የወሎ ሰው መሣሪያ የሚገዛው ሊሠራበት ነውና።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከፈለፈሉት መሣሪያዎች፣ በግድግዳው ላይ ከተዉት ጠባሳ በቀር ለገበያ የደረሰ የለም።

ሻጮች ዝገት የበላውን ሁሉ «የቴዎድሮስ ዘመን ነው» ማለት ይወዳሉ። ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል መድፍ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ መድፉን የሠሩት የጋፋት ሠራተኞችም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደዚያው መሄዳቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ከ1860 ዓ.ም. ተረፈ የሚባል መሮ ወይም ጉጠት ምልክት ከሌለው፣ በወሬ ብቻ ዋጋ ሊጨመርለት አይገባም።

ማስረጃው የሚበዛው ለጣሊያን ዘመን ነው። የጣሊያን ጦር ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዋ ከእጁ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚደርሰው መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ጠራቢውም፣ አናጺውም፣ መካኒኩም መሣሪያውን ይዞ መጣ፤ ሲወጡ ግን ሁሉንም ይዘው አልወጡም። የመንግሥት ንብረት በነበረ ዕቃ ላይ አንዳንዴ የሮማ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። የፋሺስቶች የዘመን አቆጣጠር መነሻው ጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ቁጥሩ 15 ከሆነ ዕቃው የ1936/37 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ነው። ሦስት ጭረት ያለው የቀስት ጫፍ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ንብረት ምልክት ነው፤ ከአጠገቡ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ይጻፋል። ቀስት ያለበት ሁሉ ግን በ1933 ዓ.ም. ከገባው ጦር የቀረ ነው ማለት አይደለም፤ የጦሩ ትርፍ ዕቃ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሲሸጥ ኖሯል።

የዚያን ዘመን የእንጨት መላጊያ ሲገኝ መታየት ያለበት ምላጩ ነው። የድሮ ምላጭ ጀርባው ለስላሳ ብረት ሆኖ ፊቱ ላይ ስስ ጠንካራ ብረት የተበየደበት ነው። ጠርዙ በድንጋይ ሲሳል በሁለቱ መካከል ቀጭን የድንበር መስመር ብቅ ይላል። ጠንካራው ብረት ወደ ላይ እስከ መጨረሻው ስለማይዘልቅ፣ ተስሎ ተስሎ ያጠረ ምላጭ ቢያብረቀርቅም ዋጋ የለውም። እጀታው ወይራ ከሆነ ደግሞ እዚሁ የተቀየረ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ግን ለሠራተኛ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ወይራው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል።

በደርግ ዘመን የገባውን የሶቪየት ዕቃ መለየት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው በሩብልና በኮፔክ ብረቱ ላይ ተመትቷል። አንዳንዱም ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰጥ የነበረውን ባለአምስት ማዕዘን የጥራት ምልክት ይዟል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው።

የቀጥቃጭ ሥራ ማኅተም የለውም፤ በዚህ ረገድ ገበያው ለአገሩ ልጆች ፍርደ ገምድል ነው። ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ቢያወጡም ንቀቱ ዋጋው ላይ ቀርቷል። በወሎ ቀጥቃጭ እጅ የወጣ ማጭድ ከውጭ ከመጣው በምንም አያንስም። የሚታወቀው ገጹ ላይ በቀሩት የመዶሻ ምቶችና፣ ማረሻ ከሆነ፣ ታጥፎ ሳይገጥም በቀረው የእጀታ ማስገቢያው ስፌት ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠው በውፍረቱና በጥንካሬው ይለያል፤ ሻጩ «የአያቴ አያት» ቢል እንኳ ዕድሜው ከመኪና አይበልጥም።

የብረት ጥራት በሞረድ ይፈተናል፦ ስለቱ ላይ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፤ ከነከሰ ለስላሳ ነው ወይም እሳት አለስልሶታል። የሞላጅ (የሚሽከረከር መሳያ) ድንጋይ ካለ ፍንጣሪው ይበልጥ ይናገራል፦ ለስላሳ ብረት ረዥምና ቀጥ ያለ ፍንጣሪ ያወጣል፣ ለስለት የሚሆነው አጭርና የተበታተነ፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ደግሞ ደብዛዛ ቀይ። ይህን ማንኛውም በደሴው ወይዘሮ ስሕን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ያለፈ የብረታ ብረት ሠልጣኝ ያውቀዋል። ጥርሱ ያለቀ ሞረድ እንኳ አይጣልም፤ ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ቀጥቃጩ ለቢላና ለመሮ ይፈልገዋል።

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ የተዘረፉ ወርክሾፖች ስላሉ፣ ትልልቅ ዕቃ ሲገዛ ከየት እንደመጣ መጠየቅና ውል መጻፍ ይገባል። በተለይ ሞርሳ። ብዙ ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የሚሠራ በመሆኑ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በቀለም ይሸፈናል። ቀለሙ ተፍቆ የተጠረጠረው ቦታ በነጭ ጋዝ ይረጥብና በደንብ ይጠረጋል፣ ከዚያም ጠመኔ ይቀባል። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ እንደ ክር ይታያል፤ ያ መስመር መንጋጋውን ከተሻገረ መግዛት አያዋጣም።