የመጀመሪያ ከተማ መቆርቆሪያ ቦታ ምንድን ነው?

ሲቪላይዜሽን 6 የተባለውን በተራ የሚኬድበት የኮምፒውተር ጨዋታ ስትጀምሩ በእጃችሁ ያለው አንድ ሰፋሪ (ሰትለር) እና አንድ ተዋጊ ብቻ ነው። ሰፋሪው ከተማ ቆርቁሮ እሱ ራሱ ከካርታው ይጠፋል፤ ከተማዋ ደግሞ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አትልም። መቆርቆሪያ ቦታ የሚባለው ከተማዋ የምታርፍባት ባለ ስድስት ጎን ታይል (የካርታው አንድ ክፍል)፣ ወዲያው የእናንተ የሚሆኑት ስድስቱ ጎረቤት ታይሎች፣ እንዲሁም ሕዝቧ ቀስ በቀስ እስከ ሦስት ታይል ርቀት ሄዶ የሚሠራው መሬት ተደምሮ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው አይጠፋውም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሁለቱም ቦርከናን ያውቁታል። አንዷ ጦሳ ሥር ከተዳፋቱ ጋር ተጣብቃለች፣ ሌላዋ ዝቅ ብላ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ጨዋታውም ገና በመጀመሪያው ተራ ይህንኑ ያስመርጣችኋል፤ ተራራና ኮረብታ ይሻላል ወይስ ሰፊ ሜዳ?

ከሁለቱም በፊት ግን ውሃ ይታያል። እያንዳንዱ ከተማ ስንት ሕዝብ በምቾት እንደሚይዝ የሚወስን የመኖሪያ ጣሪያ (ሀውሲንግ) አለው። ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም የበረሃ ምንጭ የሚዋሰናት ከተማ 5 ታገኛለች፤ ባሕር ብቻ ያላት 3፤ ምንም ውሃ የሌላት 2። የመጀመሪያዋ ከተማ ቤተ መንግሥት ስላለባት አንድ ይጨመርላታል፤ ቁጥሩ 6፣ 4 እና 3 ይሆናል ማለት ነው። የሕዝቡ ብዛት ጣሪያውን ሊነካ 1 ሲቀረው እድገቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሲነካው ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ደረቅ ቦታ ላይ የቆረቆራችኋት ዋና ከተማ ሕዝቧ ገና 2 እንደሆነ መንቀርፈፍ ትጀምራለች። ወንዝ ዳር ያለችው ግን እስከ 4 ድረስ ምንም አይዛትም። ብዙ ጀማሪ በመቶኛው ተራ ላይ «ከተማዬ ለምን አታድግም?» የሚለው መልሱ የመጀመሪያው ተራ ላይ ስለሚቀር ነው። ውሃ የሚያመጣው አኳደክት ከተራራም ሊቀዳ ይችላል፤ ደረቅዋን ከተማ ወደ 6 ያደርሳታል። ነገር ግን ኢንጂነሪንግ የተባለው ቴክኖሎጂ እስኪጠና መጠበቅ አለበት፤ ቦዩ ከከተማዋ መሐል ጋር መነካካትም ግድ ነው።

ሰፋሪውን ስትመርጡ ካርታው ቀለም ይለብሳል፤ ደማቅ አረንጓዴው ጣፋጭ ውሃ ያለበት፣ ፈዘዝ ያለው ባሕር ዳር፣ ግራጫው ውሃ የሌለው፣ ቀዩ ደግሞ መቆርቆር የማይቻልበት ነው። ከደማቁ አረንጓዴ ላለመውጣት ሞክሩ። ሐይቅ ዳር ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ውሃው ለመኖሪያ እንደ ወንዝ ይቆጠራል፤ የሐይቁ ታይል ራሱ ግን ምግብ 1 እና ወርቅ 1 ብቻ ነው የሚሰጠው። ከስድስቱ ጎረቤት አራቱ ሐይቅ ከሆኑ የሚታረስ መሬት አጣችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮረብታ። የከተማው መሐል በየተራው ቢያንስ 2 ምግብና 1 ፕሮዳክሽን (የግንባታ አቅም) ይሰጣል። ደረቅ ሜዳ (ፕሌንስ) ላይ ያለ ኮረብታ ከሆነ 2 ምግብና 2 ፕሮዳክሽን ይሆናል። ሳራማ ኮረብታ ግን በዚህ ረገድ ከሜዳ አይለይም፤ «ኮረብታ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ የሚቆረቁር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንዷ ፕሮዳክሽን ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ቤተ መንግሥቱ 2 ይጨምራል፤ ያላችሁ አንድ ሕዝብ ስንዴ ላይ እየሠራ ከሆነ ከዚያ ፕሮዳክሽን አይመጣም። ሜዳ ላይ በተራ 3 ታገኛላችሁ፣ ፕሌንስ ኮረብታ ላይ 4። በመደበኛ ፍጥነት ሁለተኛው ሰፋሪ 80 ፕሮዳክሽን ይፈጃል፤ ሌላ ነገር ካልተለወጠ አንዱ ጋ 27 ተራ፣ ሌላው ጋ 20 ተራ ነው። ሰባት ተራ ደግሞ ጎረቤታችሁ ያያችሁትን ቦታ ቀድሞ ሊይዝባችሁ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ምግቡንም እንዲሁ ቁጠሩት። አንድ ሕዝብ 2 ምግብ ይበላል፤ ከ1 ወደ 2 ለማደግ 15 ምግብ መከማቸት አለበት። ሳራማ መሬት ላይ ያለ ስንዴ 3 ይሰጣል፤ ከመሐሉ 2 ጋር 5፣ ሲበላ የሚተርፈው 3፤ በ5 ተራ ታድጋላችሁ። ባዶ ሳራማ ከሆነ የሚተርፈው 2 ነውና 8 ተራ ይፈጃል። ስለዚህ ስድስቱ ጎረቤቶች መካከል ቢያንስ አንድ ባለ 3 ምግብ ታይል ይኑር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀለበት ላይ ያለ ሀብት የሚያጓጓ ቢሆንም ድንበሩ በባህል ቀስ እያለ ስለሚሰፋ ለመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ተራዎች አይቁጠሩት። ከተማ ስትቆረቁሩ ከሥሯ ያለው ደን ወይም ረግረግ እንደሚጠፋም አትርሱ።

ተራራ ሁለት ፊት አለው። ሕዝብ አይሠራበትም፤ ከስድስቱ ሦስቱ ተራራ ከሆኑ ከተማዋ ትራባለች። በሌላ በኩል ካምፓስ የተባለው የትምህርት ሰፈር አጠገቡ ባለ በእያንዳንዱ ተራራ 1 ሳይንስ ይጨምራል። ደሴን የመሰለ ቦታ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ተራራው በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ በሌላው ወገን ወንዝና ሜዳ ካለ። የኮምቦልቻ ዓይነቱ ሜዳ ለሁለተኛ ከተማ ይቆየን፤ ሕግ ስለሆነ በመካከላቸው ቢያንስ ሦስት ታይል መኖር አለበት።

እንግዲህ ምን ያህል ይኬዳል? መጀመሪያ ተዋጊውን አንቀሳቅሱና ጨለማውን ግለጡ፤ ሰፋሪውን አትንኩ። ሰፋሪው 2 እርምጃ አለው። ወደ ሜዳ ታይል አንድ ሲሄድ 1 ይተርፈዋል፣ በዚያው ተራ መቆርቆር ይቻላል። ወደ ኮረብታ ሲወጣ ሁለቱንም ይጨርሳል፤ ለሚቀጥለው ተራ ታድራላችሁ። አንድ ተራ መጠበቅ ፕሌንስ ኮረብታና ወንዝ አንድ ላይ የሚያስገኝ ከሆነ ይገባዋል። ከሁለት ተራ በላይ ግን መንከራተት ኪሳራ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ በየተራው የሚሰጠው 2 ሳይንስ፣ 1 ባህል፣ 5 ወርቅና 2 ፕሮዳክሽን ሳይጀምር ያልፋል። ጨዋታው ራሱም ብዙ ጊዜ ውሃ አጠገብ ነው የሚያሳርፋችሁ፤ የቆማችሁበት ቦታ ክፉ ካልሆነ እዚያው ቆርቁሩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የጨዋታው ጭማሪ የመጣችውን ኢትዮጵያን ከመረጣችሁ ስሌቱ ይለወጣል። መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማቸው ከሚያስገባው እምነት (ፌይዝ) 15 በመቶ የሚሆነውን በሳይንስም በባህልም ያገኛል። ሜዳ ላይ ከተቆረቆረ ይህ ቀረ። ስለዚህ ሳራማ ኮረብታም ቢሆን ለምኒልክ ከሜዳ ይበልጣል። ላሊበላን የሚያውቅ ወሎዬ ሌላውን ወዲያው ይረዳዋል፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚታነጸው ኮረብታ ወይም የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ነው፣ በዙሪያው ባለ በእያንዳንዱ ኮረብታና ተራራ 1 እምነት ይጨምራል። የሚከፈተው በጨዋታው ውስጥ ድራማና ግጥም የተባለው ዕውቀት ሲጠና ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ከዋና ከተማችሁ አጠገብ ተራራውን የሚነካውን ኮረብታ በማዕድን ማውጫ ወይም በሰፈር አትዝጉት።