ደመናው እየተቃጠለ አይደለም! ስለ ሬዲዮ ጋላክሲ የሚሰለቹኝ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ስለ ሬዲዮ ጋላክሲ፣ ማለትም ሃይለኛ ሬዲዮ ሞገድ ስለሚያወጣ ጋላክሲ፣ ባነሳሁ ቁጥር "ቲቸር፣ ዙሪያው የሚያበራው ደመና እየተቃጠለ ነው አይደል?" የማይለኝ ክላስ የለም። ሰሞኑን ደግሞ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጓደኛዬ ይሄንኑ ሲደግመው ሰማሁና በቃ ልጻፈው አልኩ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርስ። "ሬዲዮ ጋላክሲ ድምፅ ያወጣል"፦ ሬዲዮ ሞገድ አይናችን የማያየው ብርሃን ነው፣ ከድምፅ ጋር አይገናኝም። "ደመናው ጋላክሲው ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር ናት"፦ የኛ ሚልኪ ዌይ ከዳር ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፣ ከነዚህ ደመናዎች ግን ከ300,000 የሚያልፉ አሉ።

አሁን ወደ እሳቱ። እሳት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ደመናው ደግሞ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፣ ያውም በጣም የሳሳ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ቫኪዩም የምንለው እንኳን ከሱ የበዛ አቶም አለው። ታዲያ ምን ያበራዋል? ነሐሴ ላይ ማታ ከደብረ ሲና ጣርማበርን ስንወጣ ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ድንገት ከመታጠፊያው በላይ ያለው ጉም ነጭ ሆኖ በራ፣ መኪና ግን የለም፣ ገደሉ ጋርዶታል። ሾፌራችን ጥሩምባውን ነፋና ዳር ያዘ፣ ትንሽ ቆይቶ አይሱዙው ብቅ አለ። ሰውየው መብራቱን ሳያይ በጉሙ ነው ያወቀው። የሬዲዮ ጋላክሲም ነገር እንደዛ ነው፣ መሃሉ ላይ ግዙፍ ብላክ ሆል አለ፣ ወደሱ የሚወርደው ጋዝ ግሎ ሃይለኛ አልትራቫዮሌት ይረጫል፣ በኛ በኩል አቧራ ስለጋረደው እሱን በቀጥታ አናየውም። በሌላ አቅጣጫ የወጣው ጨረር ግን ደመናው ጋ ይደርስና ከሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮን ይነጥላል፣ ኤሌክትሮኑ ሲመለስ ብርሃን ይለቃል። ጉም የሰው መብራት ነው የሚበትነው፣ ይሄ ጋዝ ግን የራሱንም ያወጣል። ከመሃል የሚወረወረው ጄት የሚባል ቀጭንና ፈጣን ጅረት ሲገጨውም ይበራል። እሳት የሚባል ነገር የትም ቦታ የለም!

"ፎቶው ቅብ ነው" ለምትሉም፦ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ለማሳየት የተመረጠ ነው፣ ብርሃኑ ግን እውነተኛ ነው። ሃይድሮጅኑ የሚለቀው ላይማን አልፋ የሚባል ብርሃን ሲነሳ 121.6 ናኖሜትር፣ ማለትም የማይታይ አልትራቫዮሌት ነው፣ ሬድሺፍቷ (ህዋ ሲሰፋ ብርሃኗ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚናገረው ቁጥር) 4.1 ከሆነችው ቲኤን ጄ1338 ከምትባል ሬዲዮ ጋላክሲ የመጣው ግን 12 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲጓዝ 5.1 እጥፍ (4.1 ሲደመር 1) ተለጥጦ 620 ናኖሜትር ሆኖ ነው የሚደርሰን፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ።

እነዚህን በባይናኩላር አታዩዋቸውም፣ አትድከሙ። ጋዝ ሲበራ ማየት ከፈለጋችሁ ታህሳስና ጥር ላይ ከከተማው መብራት ወጣ በሉ፣ ማታ ሶስት ሰዓት ገደማ ኦሪዮንን፣ እነዛን የተሰለፉ ሶስት ኮከቦች ፈልጉ። አጠገባቸው የተንጠለጠለችው ጭጋግ የምትመስል ነገር 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ የምትርቅ ጋዝ ናት፣ እሷን የሚያበሯት ውስጧ ያሉ ወጣት ኮከቦች ናቸው። ጋቢ ደርቡ፣ ስልካችሁን ኪስ ክተቱና አይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ባይናኩላር ከያዛችሁ ደግሞ ክርናችሁን አጥር ላይ አስደግፉ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ምንም አያሳይም።