ሴፋሎሜትሪክ ራጅ ምንድን ነው?

ሁለት የ12 ዓመት ልጆችን አስቡ። ሁለቱም ገጣጣ ናቸው። አፋቸውን ለሚያይ ሰው ልዩነት የላቸውም። የእናቶቻቸው የመጀመሪያ ጥያቄም አንድ ነው፦ «ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ስንት ነው?»

ግን የአንዱ ልጅ ችግር የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። የሌላው የታችኛው መንጋጋ ደህና ነው፤ የላይኛው ነው ወደ ፊት የሄደው። ሕክምናቸው አንድ ሊሆን አይችልም። ይህን ልዩነት በቁጥር የሚያሳየው ሴፋሎሜትሪክ ራጅ ነው። ጭንቅላትን ከጎን የሚያነሳ፣ ለመለኪያ ተብሎ የተሠራ ራጅ።

አነሳሱ ለየት ይላል። ልጁ ቆሞ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች በግራና በቀኝ ጆሮው ቀዳዳ ይገባሉ። ሌላ ድጋፍ የአፍንጫው መነሻ ላይ ያርፋል። «የኋላ ጥርስህን ግጠም፣ ከንፈርህን ልቀቅ፣ እንዳትንቀሳቀስ» ይባላል። ጆሮ ላይ ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ አያምም። ጨረሩም በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ ቀን ከአካባቢያችን ከምንቀበለው ብዙም አይበልጥም።

ቁም ነገሩ ያ ማሰሪያ ነው። በ1931 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሆሊ ብሮድቤንት፣ በጀርመን ደግሞ ኸርበርት ሆፍራት ዘዴውን ለየብቻ አስተዋወቁ። ብሮድቤንት ጭንቅላቱን አስሮ የጨረሩን ምንጭ ሁልጊዜ 5 ጫማ ላይ አደረገው። ስለዚህ ዛሬ የተነሳውን ራጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚነሳው ጋር ደርቦ ማየት ተቻለ። የትኛው አጥንት ስንት ሚሊሜትር እንደሄደ ይታያል።

ሐኪሙ ምን ያደርግበታል? ድሮ ስስ ወረቀት ራጁ ላይ ለጥፎ፣ ከኋላ መብራት አብርቶ፣ በእርሳስ ይስል ነበር። አሁን ኮምፒውተር ያግዘዋል። ግንባርና አፍንጫ የሚገናኙበትን ነጥብ ይይዛል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ የፒቱታሪ ዕጢ እስከተቀመጠችበት ጉድጓድ መስመር ይስባል። ይህ መስመር መነሻው ነው። ከእሱ ተነስቶ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ማዕዘን ይለካል። በአሜሪካዊው የጥርስ ማስተካከል ሐኪም ሲሲል ስታይነር ልኬት መደበኛው የላይኛው 82 ዲግሪ፣ የታችኛው 80 ነው። ልዩነቱ 2።

ወደ ልጆቻችን እንመለስ። አንዱ 82 እና 75 መጣ፤ ሌላው 87 እና 80። የሁለቱም ልዩነት 7 ነው፣ ጥፋቱ ግን የተለያየ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ገና እያደገ ከሆነ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚያስይዝ መሣሪያ ሊደረግለት ይችላል። ለሁለተኛው ያ መሣሪያ የተሳተ ዒላማ ነው።

እያደገ መሆኑስ በምን ይታወቃል? እዚያው ራጅ ላይ የአንገት አጥንቶች ይታያሉ። የታችኛው ጠርዛቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ልጁ ገና ነው። ጎድጎድ ማለት ከጀመሩ የጉርምስናው እድገት ደርሷል ወይም እያለፈ ነው። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ የመንጋጋን ጊዜ አንገት ይናገራል።

ራጁ ብቻውን አይበቃም። ፎቶ፣ የጥርስ ሞዴል ወይም ስካን፣ ሁሉንም ጥርስ የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅም አብረው ይታያሉ። ትንሽ መጣመም ብቻ ላለበት ልጅ ደግሞ የጎን ራጁ ላያስፈልግ ይችላል። ግን ጤነኛ ጥርስ ይነቀል ከተባለ፣ ወይም የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ፣ ስዕሉን አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው። የተነቀለ ጥርስ አይመለስም።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። እነዚያ 82 እና 80 የተወሰዱት ከነጭ አሜሪካውያን ፊት ነው። በኋላ ለጥቁር አሜሪካውያን የተዘጋጁት ልኬቶች የፊት ጥርስና ከንፈር ይበልጥ ወደ ፊት መውጣቱን እንደ ጤናማ ይይዛሉ። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆናችሁ ዋሽንግተን፣ ልጃችሁ «ከመደበኛው ወጥቷል» ሲባል በትሕትና ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ ከየትኛው ሕዝብ ልኬት ጋር ነው ያወዳደሩት?»