ትሬስባክ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ባህር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ጎረቤቴ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ጣና ዳር አሳ ይነግዳል። ከአጥማጆች የተረከበውን ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ በኪሎ አስልቶ ሂሳቡን የሚያወጣለት ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፏል። ፕሮግራመር አይደለም፤ ማታ ማታ ከዩቲዩብ ነው የተማረው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ተደርድሯል።

“አነበብከው?” አልኩት።

“ኧረ ቀይ ሳይ ልቤ ቀጥ ይላል፤ ሁሌ እዘጋዋለሁ።”

ያ ጽሑፍ ነው ትሬስባክ የሚባለው። ዱካን ወደ ኋላ ተከትሎ መሄድ እንደማለት ነው። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ሲቆም ፓይተን የመጣበትን መንገድ ይነግራችኋል፤ በየትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ፣ የቱ ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የቱን ጠርቶ እዚያ እንደደረሰ።

ንባቡ ከታች ይጀምራል። የስህተቱ ዓይነትና ምክንያቱ ያለው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከዚያ የራሳችሁን ፋይል ስም እስክታገኙ ወደ ላይ ውጡ። በመሃል የሚመጡትን የላይብረሪ ፋይሎች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈውት እናንተ የምትጠቀሙበትን ኮድ፣ ለጊዜው እለፏቸው።

የጎረቤቴ የመጨረሻ መስመር “ኪይኤረር” ይልና ‘ነጭ ዓሣ’ን ይጠቅሳል። በዲክሽነሪው ውስጥ፣ ማለትም ኮዱ ላይ የእያንዳንዱን አሳ ስም እንደ ቁልፍ ከዋጋው ጋር በያዘው ዝርዝር ውስጥ፣ እንዲህ የሚባል ቁልፍ የለም ማለት ነው። “አለ እኮ! ይኸው!” አለ፣ የዋጋ ዝርዝሩን በጣቱ እየነካ። እውነትም አለ። ግን እሱ ኮዱ ላይ የጻፈው ‘ነጭ አሳ’ ነው። ፕሮግራሙ የሚያነበውን የርክክብ መዝገብ የሞላችለት እህቱ ደግሞ ‘ነጭ ዓሣ’ ብላለች።

ለእኛ ያው ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ አይሰማም፤ የፊደሉን ቁጥር ነው የሚያየው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ አ እና ዓ፣ ሳ እና ሣ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። በአማርኛ ዳታ የምትሠሩ ሁሉ ይህ አንድ ቀን ይገጥማችኋል።

ልብ በሉ፣ ትሬስባኩ የጠቆመው የኮድ መስመር ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ መዝገቡ ውስጥ ነው። የመስመሩ ቁጥር ፕሮግራሙ የት እንደወደቀ ይናገራል፤ ምን እንደጣለው ፍለጋ ከዚያ ይጀምራል። እኛም በጥቅስ ውስጥ ያለውን ቃል ኮፒ አድርገን ኮዱ ውስጥ ፈለግነው። የለም። ያኔ ነገሩ ተገለጠለት። ከመዝገቡ የሚመጣውን ስም ወደ አንድ አጻጻፍ የሚቀይሩ ሁለት መስመሮች ጨመርን፤ የሳምንቱ ሂሳብ ወጣ።

ሰው ስትጠይቁም ትሬስባኩን ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከታች፣ ዋናው መስመር ላይ ነው።