የላባ ማይት ምንድን ነው? «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባልስ?

ርግብ የጣለችውን የክንፍ ላባ ከመሬት አንሥታችሁ ወደ ፀሐይ ብታሳዩት ብዙውን ጊዜ ምንም አይታያችሁም። በሕይወት ያለች ወፍ ክንፏን ዘርግታችሁ ብርሃን ፊት ብትይዙት ግን ሌላ ነው። ከላባው አገዳ ግራና ቀኝ በወጡት ቀጫጭን ክሮች መካከል አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈው ታያላችሁ። እነሱ ናቸው የላባ ማይቶች። በወደቀው ላባ ላይ ያጣችኋቸው ቀድመው ስለለቀቁ ነው፤ ወፏ ላባ በምትቀይርበት ወቅት፣ ሊወድቅ የተቃረበውን ላባ እየተዉ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራሉ። ዓይን እንኳ የላቸውም።

ማይት ነፍሳት አይደለም። ሲያድግ ስምንት እግር ያለው፣ የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። የላባ ማይት ቁመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ዕድሜውን የሚጨርሰው ወፍ ላይ ነው። እዚህ ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም፤ ማይት ሲባል ትዝ የሚለው ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጠው ቀዩ ማይት ነውና። ያ ሌላ ነው። የላባ ማይት ደም አይመጥም። የሆዱ ይዘት በማይክሮስኮፕና በዲኤንኤ ሲመረመር በብዛት የተገኘው ፈንገስና ባክቴሪያ ነው፤ ወፏ ከጅራቷ መነሻ ላይ በመንቁሯ እያወጣች ላባዋን የምትቀባውን ቅባትም ይበላል። ዶሮን የሚያሳክኩ ጥቂት ዝርያዎች መኖራቸው እውነት ነው። ቢሆንም ሁሉንም በጅምላ «ተባይ» ማለት ለእኔ ስም ማጥፋት ነው፤ አብዛኞቹ ለጽዳት ሠራተኛ ይቀርባሉ።

ወፏ ለማይቱ ርስቱ ናት። መብረር አይችል፣ ከላባ ርቆ ብዙ አይቆይ፤ ስለዚህ በአመዛኙ የሚተላለፈው ጎጆ ውስጥ፣ ከእናትና ከአባት ወደ ጫጩት ነው። ይህ ሺህ ትውልድ ሲቀጥል የአንዷ ወፍ ማይት ከሌላዋ ወፍ ማይት ጋር ሳይገናኝ ይቀርና የየራሱን መልክ ይይዛል። ርስቱም ይከፋፈላል፤ አንዱ ዝርያ ረጅሙን የክንፍ ላባ ሲይዝ፣ ሌላው ገላዋ ላይ ያለውን ለስላሳ ላባ፣ ሌላው ደግሞ የአገዳውን ውስጥ ይይዛል። በዚህ የተነሣ አንድ የወፍ ዝርያ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የማይት ዝርያ ይኖራታል። በዓለም ላይ ወደ 11,000 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች አሉ። እስካሁን ስም የወጣላቸው የላባ ማይቶች ግን ወደ 2,500 ቢጠጉ ነው። ቀሪውን እናንተው አስቡት።

«አዲስ ዝርያ» የሚለው ቃል ታዲያ ያሳስታል። አዲስ የሆነው ለመዝገቡ እንጂ ለምድር አይደለም። ማይቱ ስንት ዘመን የኖረ ነው፤ የጎደለው ሰው ያወጣለት ስምና ስሙ የሚያርፍበት አካል ነው። «ተገኘ» የሚለውም የጫካውን ጉዞ ያስታውሳል እንጂ ሥራው በአብዛኛው የጠረጴዛ ሥራ ነው።

ወፏ በመረብ ትያዝና ማይቶቹ በቀጭን መርፌ ወይም በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ ተለቅመው አልኮል ውስጥ ይገባሉ፤ ወፏ ትለቀቃለች። ሞታ የተገኘች ከሆነ በሳሙና ውኃ ታጥባ እጣቢው በጥቅጥቅ ወንፊት ይጠለላል። ከዚያ ማይቱ ሰውነቱ ብርሃን እንዲያሳልፍ ላክቲክ አሲድ ውስጥ ይቆያል፤ ቀጥሎም ስላይድ በሚባል ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ላይ ተጋድሞ፣ እግሮቹ ተዘርግተው፣ በመስታወት ክዳን ይሸፈናል። በክዳኑና በስላይዱ መካከል የሚፈሰው ማጣበቂያ ከግራር ሙጫ የሚዘጋጅ ነው፤ እኛ አገር በቆላው ከግራር ግንድ የሚለቀመው ዓይነት ሙጫ፣ ከግሊሰሪንና ክሎራል ሃይድሬት ከሚባል ኬሚካል ጋር በውኃ ተበጥብጦ። ችግሩ ሙጫው እርጥበት መሳቡ ነው። ስለዚህ ስላይዱ በሙቀት ውስጥ ቀናት ከከረመ በኋላ የክዳኑ ዳር ዙሪያውን ይታሸጋል፤ ብዙዎች ለዚህ ተራ የጥፍር ቀለም ነው የሚጠቀሙት።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ብዙ ጊዜ የወንዱ የኋላ ጫፍ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ኋላ የሚሾልበት ቅርጽ፣ በስንጥቁ ዳር ያሉት ፀጉሮች ርዝመትና ቦታ፣ ጀርባውን የሚሸፍኑት ጠንካራ ሰሌዳዎች የሚያልቁበት መስመር። ፀጉር በፀጉር ይለካል፣ በእጅ ይሣላል። ፎቶ የማይበቃው ለምንድን ነው ብትሉ፣ ማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ አንድ ስስ ገጽ ብቻ አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው፤ ሠዓሊው ግን ትኩረቱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ያየውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያ ደግሞ ቀድሞ የተጻፈውን ሁሉ ማገላበጥ አለ። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉዊ ትሩሳር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ለበርካታ የላባ ማይቶች ስም አውጥቷል፤ መግለጫዎቹ ግን አጫጭር ስለሆኑ የዛሬ ተመራማሪ ማመሳከር ሲፈልግ ወደ ድሮው ስላይድ መመለስ ሊኖርበት ይችላል።

ሁሉም ተጣርቶ አዲስ መሆኑ ከታመነ ከናሙናዎቹ መካከል አንዱ ይመረጣል። ይህ አንድ ግለሰብ ሆሎታይፕ ይባላል። ስሙ በሕግ የተሰጠው ለእርሱ ነው፤ ወደፊት «ይህ ማይት ያ ዝርያ ነው ወይስ አይደለም» የሚል ክርክር ቢነሣ ዳኛው የመጽሐፉ ቃል ሳይሆን ያ ስላይድ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙ የሚያርፍበትን ናሙና በግልጽ ሳይለይ የሚወጣ የእንስሳ ዝርያ ስም ተቀባይነት የለውም። ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ ፊተኛው ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የሚጋራው፣ ኋለኛው የራሱ። የገዛ ራስን ስም መስጠት ግን ደንቡ ባይከለክለውም ነውር ነው።

የእንስሳት ስም አቆጣጠር የሚጀምረው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ካሳተመው መጽሐፍ ሲሆን እዚያው ውስጥ አንድ የላባ ማይት አለ፤ አካሩስ ፓሴሪኑስ ብሎታል። ዛሬ አናልጌስ ፓሴሪኑስ ነው የሚባለው። ከስሙ ቀጥሎ የሊኒየስ ስም በቅንፍ ይጻፋል፤ ቅንፉ ጌጥ አይደለም፣ «ስም አውጪው መጀመሪያ ያስገባው ሌላ ወገን (ጂነስ) ውስጥ ነበር፣ ፊተኛው ቃል ተለውጧል» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥብ አጻጻፍ ደስ ይለኛል።

የጠረጴዛ ሥራ ያልኩትን በደንብ የሚያሳየው የካሮላይና በቀቀን ጉዳይ ነው። አረንጓዴ ገላና ቢጫ ራስ የነበራት ይህች ወፍ በምሥራቃዊ አሜሪካ ትኖር ነበር፤ በግዞት የነበረው የመጨረሻው፣ ኢንካስ የተባለው ወንድ፣ በሲንሲናቲ የእንስሳት መጠበቂያ በ1918 ሞተ። ቆዳቸው ተገፎ ጥጥ የተሞሉ በቀቀኖች ግን በሙዚየም መሳቢያዎች ውስጥ ቀርተዋል፤ ማይቶቹም እንደደረቁ ላባቸው ውስጥ። ተመራማሪዎቹ ሰርጌይ ሚሮኖቭ፣ ያሴክ ዳበርትና ራይነር ኤርንስበርገር በ2005 ከዚህች በቀቀን ስድስት አዲስ ዝርያዎችን ገልጸው አሳተሙ። መሳቢያ ውስጥ ጎን ለጎን የተጋደሙ ወፎች ማይት ሊቀያየሩ ስለሚችሉ በእንዲህ ዓይነት ሥራ አንድ ብቸኛ ማይት አይታመንም፤ ያው ዝርያ ወንድም ሴትም ሆኖ፣ ከተለያዩ ቆዳዎች ላይ ሲገኝ ነው ልብ የሚያርፈው።

ስድስቱ «አዲስ ዝርያዎች» ስም ሲወጣላቸው ኢንካስ ከሞተ 87 ዓመት ሆኖት ነበር።