ተራ አንባቢ በኢ-ልቦለድና በግጥም መጻሕፍት ላይ የሚሰጠው ፍርድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ሰው ለወዳጁ የሚሰጠው አስተያየት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ደስ ይላል»፣ «ይንዛዛል»፣ «ደረቅ ነው»፣ «አልገባኝም»። ደራስያንና ሐያስያን እንዲህ ያለውን አስተያየት ሲሰሙ ወይ ይንቁታል፣ ወይም ቃል በቃል ተቀብለው የተሳሳተ መፍትሔ ይፈልጉለታል። ለብዙ ዓመታት የአንባቢዎችን አስተያየት በጥሞና ስከታተል የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አንባቢ የሚያመውን ቦታ በደንብ የሚያውቅ፣ የሕመሙን ስም ግን አዘውትሮ የሚስት መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች አብዛኞቹ ከዚህ የስም ስሕተት የመነጩ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ስለ ግጥም መፍረድ የሚችለው የተማረ ሐያሲ ብቻ ነው»

እውነታው፦ ይህን አባባል የተቃወመው በዘመኑ ከነበሩት ሐያስያን ሁሉ ይበልጥ የተፈራው ሰው ነው። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሳሙኤል ጆንሰን በ1781 ስለ ባለቅኔው ቶማስ ግሬይ ባሳተመው ሐተታ፣ አብዛኞቹን የግሬይ ግጥሞች ያለ ርኅራኄ ነቅፏል። በ1751 ስለ ታተመው የመካነ መቃብር ሙሾ ሲደርስ ግን ከተራው አንባቢ ጋር በመስማማቱ ደስ እንደሚለው ገልጾ፣ የቅኔ ክብር ለማን እንደሚገባ በመጨረሻ የሚወስነው በሥነ ጽሑፍ ወገንተኝነት ያልተበከለው የአንባቢዎች የጋራ ማስተዋል እንደሆነ ጽፏል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍም በ1925 ላሳተመችው የሒስ መድበል «ተራው አንባቢ» የሚለውን ርእስ የወሰደችው ከዚሁ ከጆንሰን አነጋገር ነው።

ይሁን እንጂ ጆንሰን ፍርዱን የሰጠው ለአንድ አንባቢ የአንድ ቀን ስሜት አይደለም፤ ብዙ አንባቢዎች በረጅም ጊዜ ውስጥ ለሚደርሱበት ስምምነት ነው። ስለዚህ «አልወደድሁትም» እና «መጥፎ ነው» የሚሉት ሁለት አነጋገሮች ሊለዩ ይገባል። የመጀመሪያው ስለ አንባቢው የሚነገር እውነት ስለሆነ ማንም ሊከራከረው አይችልም፤ ሁለተኛው ግን ስለ መጽሐፉ የቀረበ ክስ ነውና ማስረጃ ይጠየቅበታል። ማስረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ንባቡ የቆመበትን ገጽ ወይም የሰለቸውን ስንኝ ማሳየት ይበቃል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ኢ-ልቦለድ የሚነበበው ለመረጃ ብቻ ነው፤ አጻጻፉ ጌጥ ነው»

እውነታው፦ መረጃ ብቻ የሚሻ ሰው መዝገበ ዕውቀት ይበቃዋል። ሙሉ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የሚፈልገው አንድ ሰው ሲያስብ አብሮት መሄድን ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ክርክሩን የጀመረው ከሩቅ ዘመን ቅሪተ አካል ወይም ከማይታወቅ ደሴት ሳይሆን፣ ሰዎች በየቤታቸው ከሚያረቧቸው እንስሳት፣ በተለይም እርሱ ራሱ ሲያረባቸው ከነበሩት እርግቦች ነው። አንባቢው የሚያውቀውን ነገር ይዞ ወደማያውቀው ይሻገራል። ከዚያም በስድስተኛው ምዕራፍ በገዛ ሐሳቡ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ከባድ ተቃውሞዎችን እርሱ ራሱ ዘርዝሮ ይመረምራል። አንባቢ «ይህ ሰው አያታልለኝም» የሚለው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው፤ ይህ ደግሞ የአጻጻፍ ጥበብ እንጂ የመረጃ ብዛት ያመጣው አይደለም።

«ደረቅ ነው» የሚለው ቅሬታም እንዲሁ በስሕተት ሲተረጎም ይኖራል። ጸሐፊዎች ይህን ሲሰሙ እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው የማለዳ ታሪክ መክፈት ይጀምራሉ፤ አንባቢው ግን የጠየቀው ተረት አይደለም። የሚነገረው ነገር ለምን እንደሚነገር፣ ከቀደመው ገጽ ጋርም ምን እንደሚያገናኘው ስላልታየው ነው ደረቅ ያለው። ከርእሰ ጉዳዩ ጋር በቀጭን ክር የታሰረ ታሪክ ድርቀቱን አያለሰልሰውም፤ እንዲያውም ሌላ ቅሬታ ይወልዳል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አንባቢ ረጅም መጽሐፍ ይጠላል»

እውነታው፦ ኤድዋርድ ጊበን የሮማን መንግሥት ውድቀት የተረከበት ታሪክ 6 ቅጽና 71 ምዕራፍ አለው፤ ገጾቹም በግርጌ ማስታወሻ የተሞሉ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው ቅጽ በ1776 ሲወጣ የመጀመሪያው ኅትመት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዳለቀ ደራሲው ራሱ በግለ ታሪኩ መስክሯል። አንባቢ ርዝመትን የሚሸሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

«ረዘመብኝ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ድግግሞሽ ነው። ይህ በተለይ ራስን ስለ ማሻሻልና ስለ ሥራ አመራር በሚጻፉ መጻሕፍት ላይ በግልጽ ይታያል። አንድ መልካም ሐሳብ በመግቢያው ይገለጻል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በምሳሌ ይቀርባል፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ሌላ ምሳሌ ተጨምሮበት ይደገማል፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ይጠቃለላል፤ መደምደሚያው ላይ ደግሞ እንደ አዲስ ይነገራል። በ20 ገጽ ሊያልቅ የሚችል ሐሳብ 200 ገጽ የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ካነበባችሁ ይበቃል» ሲል ትዕግሥት አጥቶ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። አዲስ ነገር መምጣቱ የት ላይ እንደቆመ በትክክል አመልክቷል። አርታኢ የተባለ ሁሉ ይህን ቅሬታ ቢያዳምጥ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ፤ መልሱ ግን ገጽ መቀነስ ብቻ እንዳልሆነ አብሮ መታየት አለበት። ድግግሞሹ ወጥቶ በቦታው ማስረጃ፣ ተቃውሞ ወይም የሐሳቡ ወሰን ቢገባበት፣ ያው 200 ገጽ ያለ ቅሬታ ሊነበብ ይችላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «በግለ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ፈጠራ ቢገባ አንባቢ አይጎዳም»

እውነታው፦ በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ ከሱስ ስለ ማገገም የሚተርክ አንድ መጽሐፍ በግለ ታሪክነት ቀርቦ በብዙ አንባቢዎች ዘንድ ተወድዶ ነበር። በ2006 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ክፍሎቹ የተፈጠሩ ወይም እጅግ የተጋነኑ መሆናቸው ሲገለጥ ቁጣው ከባድ ሆነ፤ አሳታሚውም ተታልለናል ላሉ ገዢዎች ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ። የመጽሐፉ ቃላት ከመጋለጡ በፊትም በኋላም አንድ ናቸው። የተለወጠው በደራሲውና በአንባቢው መካከል የነበረው ቃል ኪዳን ነው። አንባቢ በልቦለድ ገጸ ባሕርይ ሲያዝን የፈጠራውን ኃይል እያደነቀ ነው፤ በግለ ታሪክ ውስጥ ሲያዝን ግን በእውነት ለኖረ ሰው ልቡን እየሰጠ ነው። ያን ኀዘን ያለ አግባብ የወሰደ ጸሐፊ አንድ ነገር እንደ ሰረቀ ይቆጠራል፤ እኔም ቁጣውን ትክክለኛ ቁጣ ነው እላለሁ።

በሌላ በኩል፣ አንባቢ የማይቻል ትክክለኛነትን የሚጠይቅ አይደለም። ከ30 ዓመት በፊት የተደረገ ንግግር ቃል በቃል እንደማይታወስ ሁሉም ያውቃል። ጸሐፊው በመቅድሙ «ንግግሮቹን ከትዝታዬ አቀናብሬያቸዋለሁ፤ የአንዳንድ ሰዎችን ስም ለውጫለሁ» ብሎ ከተናገረ አብዛኛው አንባቢ በደስታ ይቀበለዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ስሕተት አለ፤ ግለ ታሪክ የሚነበበው ደራሲው ያልተለመደ ሕይወት ከኖረ ብቻ ነው ይባላል። አውግስጢኖስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው ኑዛዜ ውስጥ ረጅም ምርመራ ያደረገበት ጉዳይ፣ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከሰው ዛፍ ላይ ፍሬ መስረቁን ነው። ስርቆቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ፍሬውንም ያልፈለገው ስለነበር አብዛኛው ለዐሣማ ተጥሏል። አንባቢዎችን እስከ ዛሬ የሚይዛቸው ግን «ታዲያ ለምን ሰረቅሁት?» እያለ ራሱን ያለ ምሕረት መጠየቁ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ቤት የማይመታ ግጥም፣ ግጥም አይደለም»

እውነታው፦ ይህ ክርክር የዘመናችን ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ጆን ሚልተን ታላቁን የአዳምና የሔዋን ውድቀት ግጥም በ1667 ሲያሳትም ከ10,000 በላይ የሆኑት ስንኞቹ ቤት አይመቱም ነበር። አንባቢዎች በነገሩ ግራ ስለተጋቡ አታሚው ለምን ቤት እንደማይመታ የሚያስረዳ ማብራሪያ እንዲጨመርለት ደራሲውን ጠየቀ፤ ማብራሪያውም በ1668 በወጡት ቅጂዎች መግቢያ ላይ ታተመ። የአንባቢ ቅሬታ ሚልተንን ያህል ባለቅኔ እንኳ መልስ እንዲሰጥ አስገድዷል ማለት ነው። ወደ ኋላ ብንሄድ ደግሞ የሆሜር የግሪክ ግጥሞች በቤት አመታት ላይ የተመሠረቱ አይደሉም፤ የዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊትም የሚቆመው አንዱን ሐሳብ በሁለት ትይዩ አነጋገር በመድገም ወይም በማነጻጸር ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ቤትን አጥብቆ መፈለጉ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የወል ቤት በሚባለው የአማርኛ የግጥም ምጣኔ እያንዳንዱ ስንኝ 6 ቀለም (ክፍለ ድምፅ) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል፤ በሰንጎ መገን ደግሞ ሐረጎቹ አምስት አምስት ቀለም አላቸው። ጆሯችን ከሕፃንነት ጀምሮ ይህን ምጣኔ ስለለመደ፣ የስንኙ መጨረሻ የሚወድቅበትን ቦታ አስቀድሞ ይጠብቃል። ነጻ ግጥም ያነበበ ሰው «ይህማ ስድ ንባብ ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የቸገረው የቤቱ መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ሲጠፋ ምቱም አብሮ ጠፍቶ በምትኩ ምንም ስላልመጣለት ነው። ጥሩ ነጻ ግጥም የራሱ ምት አለው፤ ስንኙ በዚህ ቃል ላይ እንጂ በሌላው ላይ ያልተቆረጠበት ምክንያት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይሰማል።

ስለዚህ ለአንባቢ የምመክረው መፈተኛ ቀላል ነው። ግጥሙን እንደ ተራ አንቀጽ አድርጎ በተከታታይ መስመር መልሶ መጻፍና ማንበብ ይችላል። ምንም ያልጎደለ ከሆነ ቅሬታው ትክክል ነበር፤ ስንኞቹ የተቆረጡት ያለ ምክንያት ነው። አንድ ፋታ ወይም አንድ ድንገተኛ መዞር ከጠፋ ግን ግጥሙ ቤት ሳይመታም ግጥም ነበር። ይኸው ፈተና ቤት በሚመቱ ግጥሞች ላይም ይሠራል፤ ቤቱን ለመምታት ብቻ ተጎትቶ የገባ ቃል በአንቀጽ መልክ ሲነበብ ወዲያው ይጋለጣልና። ቤት ስለመታ ብቻ ስንት ባዶ ስንኝ እንደተጨበጨበለት ሳስብ አዝናለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የግጥም ወርቁ ካልተፈታ እንዳልተነበበ ይቆጠራል»

እውነታው፦ ሰምና ወርቅ የቅኔ ታላቅ ሀብት ነው፤ ወርቁን ሳያገኙ ሰሙን ብቻ ይዞ መመለስም በእርግጥ ጎደሎ ንባብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህን የአንድ ዓይነት ቅኔ ሕግ በግጥም ሁሉ ላይ ስንጭን ነው። ጃፓናዊው ገጣሚ ባሾ በ1686 በጻፈው ዝነኛ ሃይኩ (እጅግ አጭር የጃፓን ግጥም) ውስጥ ያለው አሮጌ ኩሬ፣ ዘልላ የምትገባ እንቁራሪትና የውሃው ድምፅ ብቻ ነው፤ በጠቅላላው 17 የድምፅ ምጥን። «እንቁራሪቷ የማን ምሳሌ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድምፁን ሳይሰማ ያልፋል። «አልገባኝም» ብሎ ግጥምን የተወ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚያየውና የሚሰማው ነገር ገብቶታል፤ የፈራው ያልነገሩት ሌላ መልስ እንዳለ ነው። ይህን ፍርሃት ያሳደረበት ግጥምን እንደ ፈተና ጥያቄ ያስተማረው ሰው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ጨለማ ሁሉ ጥልቀት አይደለም። ከብዙ ንባብ በኋላ የሚይዙት አንድ ምስል፣ አንድ ድምፅ ወይም አንድ ስሜት እንኳ የማይሰጥ ግጥም ሲያጋጥም አንባቢ በራሱ ላይ ብቻ ሊፈርድ አይገባም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «እውነተኛ ግጥም ስሜት ሲገነፍል በአንድ ጊዜ የሚፈስ ነው»

እውነታው፦ ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ዊልያም ዎርድስወርዝ በ1800 በጻፈው መቅድም ላይ ግጥም የብርቱ ስሜት ድንገተኛ ፍሰት ነው ማለቱ ነው። ነገር ግን እዚያው ላይ ቀጥሎ፣ ዋጋ ያለው ግጥም ለረጅም ጊዜና በጥልቀት ካሰበ ሰው በቀር ከማንም እንዳልመጣ ተናግሯል። እርሱም ስለ ራሱ አእምሮ እድገት የጻፈውን ረጅም ግጥም ለአሥርተ ዓመታት ሲያርም ኖሮ፣ መጽሐፉ የታተመው በ1850 ከሞተ በኋላ ነው። አንባቢ «ጥሬ ነው» ሲል የሚነቅፈው ስሜቱን ሳይሆን ያልታረመውን ረቂቅ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የግጥም መድበልም እንደ ልቦለድ በአንድ ቁጭታ መነበብ አለበት»

እውነታው፦ «ግጥሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። በአንድ ሌሊት 80 ግጥም ያነበበ ሰው ከ20ኛው በኋላ የሚሰማው የራሱን ድካም ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቤኔዲክቶስ የገዳም ሥርዓት 150ዎቹ መዝሙራት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለው እንዲደገሙ ያዘዘ ሲሆን፣ እነዚያ መነኮሳት ግጥምን በልክ መውሰድን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል። በእርግጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ታሪክ የተሰናሰሉ መድበሎች አሉ፤ እነርሱን በቅደም ተከተል ማንበብ ተገቢ ነው። ሌሎቹን ግን በቀን ሁለት ወይም ሦስት እያደረጉ፣ ቢቻል ድምፅ አውጥተው ማንበብ ይሻላል። ከሳምንታት እንዲህ ያለ ንባብ በኋላም ግጥሞቹ አንድ ዓይነት ሆነው ከቀሩ፣ ያኔ ቅሬታው ከድካም የመጣ ሳይሆን ገጣሚውን የሚመለከት ነው፤ እርሱም ሊሰማው ይገባል።